የጄን ማኒንግ ጄምስ ቤተሰብ፦ ከኮነቲከት እስከ ሶልት ሌክ

ጄን ማኒንግ ጄምስ ከሞርሞን እምነት (በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከተመሠረተ ሃይማኖት) ተከታዮች ጋር ወደ አሜሪካ ምዕራብ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ስሟ የሚነሳው በእግሯ ስላቋረጠችው ረጅም መንገድ ነው። እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ግን ቤተሰቧን ላለማጣት ያደረገችው ትግል ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደችው በ1820ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ በኮነቲከት ግዛት በዊልተን ከተማ ነው። እናቷ ፊሊስ በባርነት የተወለደች ሴት ነበረች፤ ጄን ግን ነጻ ሆና ተወለደች። ነጻነቱ ከድህነት አላዳናትም። ገና በልጅነቷ ከእናቷ ጉያ ወጥታ በአንድ ሀብታም ነጭ ቤት በሠራተኝነት አደገች። የበኩር ልጇን ሲልቨስተርን የወለደችው ሳታገባ ነው።

ወደ ሞርሞን እምነት ከገባች በኋላ፣ በ1843 ከእናቷ፣ ከወንድሞቿና ከእህቶቿ ጋር ምእመናኑ ወደ ሰፈሩባት ከተማ፣ ወደ ናቩ፣ ኢሊኖይ ተነሳች። አብረዋቸው ነጭ ምእመናንም ነበሩ። በፋሎ ከተማ ሲደርሱ ግን ጥቁሮቹ ጀልባ ላይ እንዳይሳፈሩ ተከለከሉ። ቀሪውን 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ሄዱት። ጫማቸው አለቀ፤ እግራቸው ተሰነጣጥቆ ደም አፈሰሰ። ፒዮሪያ ላይ ደግሞ የነጻነት ወረቀት አምጡ ተባሉ፤ በሕይወቷ ባሪያ ሆና ለማታውቅ ሴት ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያቅትም።

ናቩ ውስጥ ጄን በእምነቱ መሥራች በጆሴፍ ስሚዝ ቤት በሠራተኝነት ቆየች። አንድ ቀን ሚስቱ ኤማ እንደ ልጃቸው ሆና ወደ ቤተሰባቸው እንድትገባ ጠየቀቻት። ጄን ነገሩ ስላልገባት እምቢ አለች። ይህ መልሷ ዕድሜዋን ሙሉ ሲቆጫት ኖሯል።

ጆሴፍ በ1844 ከተገደለ በኋላ አይዛክ ጄምስ የሚባል ጥቁር ምእመን አገባች። ልጃቸው ሳይላስ በ1846፣ ምእመናኑ ናቩን ትተው ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ በመንገድ ላይ፣ አይዋ ውስጥ ተወለደ። በመስከረም 1847 በዛሬዋ ዩታ ግዛት ወዳለው ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ፤ በ1848 ሜሪ አን ተወለደች። የጄን እናትና አብዛኞቹ ወንድሞቿና እህቶቿ ግን ወደ ኋላ ቀርተዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የብርድና የረሃብ ነበሩ። በስተርጅና ባስጻፈችው የሕይወት ታሪኳ፣ ከሁሉ የከበዳት ልጆቿ ለዳቦ ሲያለቅሱ መስማት እንደነበር ተናግራለች። ያም ሆኖ በ1849 ኤላይዛ ላይማን የምትባል ጎረቤቷ ስትቸገር ካላት ዱቄት ግማሹን ሰጥታታለች። ይህን የምናውቀው ተቀባይዋ ራሷ በማስታወሻዋ ስለመዘገበችው ነው።

በኋላ ኑሮ ተሻሻለ፤ ቤት፣ ከብትና በግ አፈሩ። በ1870 ግን ተፋቱ። አይዛክ ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሲመለስ ጄን ቤቷን ከፈተችለት፤ ቀብሩንም ከዚያው ቤት አስነሳች። ከልጆቿም አብዛኞቹን በቁሟ ቀብራለች።

በሞርሞን እምነት ቤተሰብ ለዘላለም የሚጣመረው በቤተ መቅደስ ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከ1852 ጀምሮ ጥቁር ወንዶችን ከክህነት አግዶ ነበር፤ እገዳው ጥቁር ሴቶችንም ከቤተ መቅደስ ሥርዓቶች አስቀረ። ጄን በሞቱ ዘመዶቿ ስም፣ በእነሱ ፈንታ እንድትጠመቅ ተፈቅዶላታል። ከዚያ ያለፈውን ግን እየደጋገመች ብትለምንም ከለከሏት። ያኔ ያልገባትን የኤማን ጥያቄ እያስታወሰች፣ የጆሴፍ ልጅ ሆና እንድትመዘገብ ጠየቀች። በግንቦት 1894 የተሰጣት መልስ ለዘላለም የጆሴፍ ቤተሰብ «አገልጋይ» መሆን ነበር። ሥርዓቱ ሲፈጸም እንኳ እንድትገባ አልተፈቀደላትም፤ በእሷ ቦታ ነጭ ሴት ቆመች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ዊልፎርድ ዉድረፍ ምእመናን ከገዛ ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ጋር እንዲጣመሩ አዝዞ ነበር። ኅዳር ላይ ደግሞ የዩታ የዘር ሐረግ ማኅበር ተመሠረተ። ሌሎች የቅድመ አያቶቻቸውን ስም መቁጠር ሲጀምሩ እሷ በአገልጋይነት ተመዘገበች። ይህን በደል ለማለት አላመነታም። ጄን ግን መለመኗን አላቆመችም፤ እምነቷንም አልተወችም።

ሚያዝያ 1908 ሶልት ሌክ ውስጥ አረፈች። በቀብሯ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤፍ ስሚዝ ተናግሯል። እገዳው የተነሳው በ1978 ነው። በቀጣዩ ዓመት የተከለከለችው የቤተ መቅደስ ሥርዓት በስሟ ተፈጸመ።