የሲፕ ምላሽ ኮድ ምንድን ነው?

በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅ ጥሪ ንግግሩ ከመጀመሩ በፊት ተጠሪውን ፈልጎ ማግኘትን፣ ስልኩን ማስጮኽንና ሁለቱ መሣሪያዎች በሚጠቀሙበት ኮዴክ (ድምፁን ወደ ዲጂታል መረጃ በሚለውጥና መልሶ በሚፈታ ዘዴ) ላይ መስማማትን ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ፕሮቶኮል (መሣሪያዎች የሚግባቡበት ደንብ) ሲፕ ሲሆን፣ መሠረታዊ መግለጫው አርኤፍሲ 3261 በሚል ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሰነድ ነው። በሲፕ አንዱ ወገን ጥያቄ ይልካል፣ ሌላው ምላሽ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ምላሽ ይዞት የሚመጣው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር የምላሽ ኮድ ይባላል።

ከቁጥሩ ጎን አጭር ሐረግ ቢጻፍም፣ ሐረጉ ለሚያነበው ሰው የተቀመጠ ነው፤ መሣሪያው የሚመራው በቁጥሩ፣ ከቁጥሩም ይልቁን በመጀመሪያው አኃዝ ነው። 1 ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑን፣ 2 መሳካቱን፣ 3 ጥሪው ወደ ሌላ አድራሻ መዞር እንዳለበት፣ 4 ጥያቄው በቀረበበት መልክ አለመስተናገዱን፣ 5 ችግሩ ከሰርቨሩ መሆኑን፣ 6 ደግሞ ሌላ ቦታ መሞከሩም እንደማይጠቅም ይናገራል። የማያውቀው 431 የደረሰው ስልክ እንደ 400 ቆጥሮ ስለሚያስተናግደው፣ አዲስ ኮድ በተጨመረ ቁጥር አሮጌ መሣሪያዎች ከአገልግሎት አይወጡም።

በተለመደ ጥሪ ደዋዩ ኢንቫይት የተባለውን ጥያቄ ሲልክ በመጀመሪያ 100 ይደርሰዋል። ይህ ቁጥር ምንም ያልተናገረ ይመስላል፤ ነገር ግን በዩዲፒ (መልእክቱ መድረሱን ራሱ በማያረጋግጥ የመላኪያ ዘዴ) የተላከ ኢንቫይት ምላሽ ካላገኘ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያም ክፍተቱ በየጊዜው እየታጠፈ ስለሚደገም፣ 100 «ደርሶኛል፣ አትድገመው» የማለት ያህል ነው። 180 የተጠሪው ስልክ እየጠራ መሆኑን ያሳውቃል፤ ስልኩ ሲነሣ 200 ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ4 የሚጀምረውን ሁሉ ብልሽት አድርጎ በማየቱ ነው። 401 እና 407 ሰርቨሩ «ማንነትህን አረጋግጥ» የሚልባቸው ምላሾች ናቸው፤ መሣሪያው ከይለፍ ቃሉ አስልቶ ማረጋገጫ በመጨመር ጥያቄውን ዳግም ይልካል፣ ጥሪውም ይቀጥላል። መጠርጠር የሚገባው ማረጋገጫው ከተላከ በኋላም ያው ቁጥር ሲመላለስ ነው። 487ም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ደዋዩ ሳይነሣለት ራሱ መዝጋቱን እንጂ ሌላ አይናገርም። በአንጻሩ የቀረበው የድምፅ አላላክ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚናገረው 488 ሲታይ የሁለቱን ወገኖች የኮዴክ ዝርዝር ማነጻጸር ተገቢ ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚያስገርመው በ486 እና በ600 መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንድ ሰው በአንድ አድራሻ ሦስት ስልኮችን አስመዝግቦ ከሆነ፣ ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ስልኮቹ የሚያስተላልፈው ፕሮክሲ ሰርቨር ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊያከፋፍል ይችላል። አንዱ 486 ቢመልስ «እዚህ ተይዣለሁ» ማለቱ ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ መጥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ 600 («የትም ቦታ ተይዣለሁ») ወይም 603 («አልቀበልም») ከመጣ ግን ውሳኔው የሰውየው እንጂ የአንዱ ስልክ ስላልሆነ፣ ፕሮክሲው በቀሩት ላይ የሚጠራውን ያቋርጣል። የሲፕ ኮዶች የተቀዱበት፣ ድረ ገጾች የሚተላለፉበት ፕሮቶኮል ኤችቲቲፒ በ6 የሚጀምር ምድብ የለውም፤ ድረ ገጽ እንደ ሰው በበርካታ ቦታዎች በአንድ ጊዜ አይፈለግምና። ጥሪ አልቀበልም የሚለው ቁልፍ ሲነካ አንዱ መሣሪያ 486፣ ሌላው 603 ስለሚልክ፣ በአንድ ስልክ ላይ የተገፋ ጥሪ አንዳንዴ ሌሎቹን ዝም ሲያሰኝ፣ አንዳንዴ ደግሞ እየጮኹ ይተዋቸዋል።