ተገጣጣሚ የኮንክሪት ግንባታ በደሴና በኮምቦልቻ

ተገጣጣሚ ግንባታ ማለት አስቀድሞ ተሞልቶ የደረቀ የኮንክሪት አካልን አንስቶ በቦታው መግጠም ነው። አካሉ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ)፣ የሶሌታ (የወለል ንጣፍ) ቁራጭ፣ ደረጃ ወይም ሙሉ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ ይመረታል፤ አንዳንዴም እዚያው ሳይት ላይ፣ ግቢው ጥግ በተስተካከለ መሬት ላይ ይሞላል። ባለሙያው ፕሪካስት ይለዋል። በተለመደው አሠራር ግን ካሳፎርማ፣ ማለትም አርማታው የሚፈስበት ቅርጽ፣ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ብረቱ እዚያው ይታሰራል፣ አርማታውም በባልዲ ወይም በፓምፕ ወደ ላይ ይወጣል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ ተገጣጣሚ ሲወራ ብዙ ሰው "እኛ ጋ የለም" ይላል። አለ። በኮንዶሚኒየሞቹ ወለል ውስጥ አለ። በባቡር ሐዲዱ ሥር አለ። በመንገድ ዳር ቱቦና በአጥር ምሰሶም አለ። ክሬን ጎትቶ ሙሉ ቤት ስለማያቆም ነው ሳናየው የምናልፈው።

ሐሳቡም ለወሎ ሰው ባዕድ አይደለም። የሣር ቤት ጣሪያ መሬት ላይ ተዋቅሮ፣ ጅጌ ተጠርቶ፣ ጎረቤት በአንድ ድምፅ አንስቶ ግድግዳው ላይ ሲያሳርፈው ያየ ሰው የተገጣጣሚን ምሥጢር ያውቀዋል። ከባዱን ሥራ ታች፣ መሬት ላይ ጨርሶ መሄድ ነው።

ሁለቱ ከተሞችና ሐረጎ

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። መሃል ላይ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ።

ለተገጣጣሚ ግንባታ ይህ መልክዓ ምድር ትልቅ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ሜዳ አላት፤ ደረቅ ወደብ አላት፤ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድም ከእሷ ይነሳል። ፋብሪካም ታውቃለች። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረታ ብረቱ ሁሉ እዚያ ነው። ደሴ ደግሞ ሕዝብ አላት፤ ሜዳ ግን የላትም። ቤቱ ዳገት ላይ ነው የሚሠራው። ጥቁር አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የመሬት መንሸራተትም የከተማዋ የቆየ ችግር ነው። ስለዚህ ማምረቻው ታች፣ ቤቱ ላይ መሆኑ የግድ ይመስላል።

እዚህ ላይ ክብደት ይመጣል። አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2.7 ሜትር ቁመትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ ብቻውን ወደ 2.9 ቶን ይደርሳል። አራት እንዲህ ያለ ግድግዳ የጫነ መኪና ሐረጎን ሲወጣ ማሰብ በቂ ነው። ከዚያ ደግሞ ደሴ ውስጥ ለውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ክሬኑ የት ይቆማል? ሙሉ ግድግዳ የሚገጠምበት ሕንጻ እዚህ ያልተለመደው፣ ቀላሉ ቢም ግን የተለመደው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

የአየሩም ጉዳይ አለ። የኮምቦልቻ ሙቀት ኮንክሪት ቶሎ እንዲጠነክር ይረዳል፤ ግን ውኃውን ቶሎ ስለሚያደርቀው ጠዋት ማታ ማጠጣት ያስፈልጋል። የደሴ ብርድ ጥንካሬውን ያዘገየዋል። አንድ ቀን ቀድሞ ካሳፎርማ መፍታት ኮምቦልቻ ላይ ምንም ላያመጣ ይችላል። ደሴ ላይ፣ በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ፣ ዋጋ ያስከፍላል።

ቴክኖሎጂው ከየት መጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓ ቤት አጣች። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሬይሞንድ ካሙ ግድግዳና ወለሉ በፋብሪካ የሚመረትበትን ዘዴ አወጣ። ሶቪየት ኅብረት ዘዴውን አስፍታ በብዙ ሚሊዮን ለሚቆጠር ሰው አፓርታማ ሠራችበት። ምሥራቅ ጀርመንም ተከተለች።

ኢትዮጵያን በቀጥታ የሚነካው ግን የዩጎዝላቪያው መንገድ ነው። መሐንዲሱ ብራንኮ ዤዤል በቤልግሬድ አይኤምኤስ ተቋም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፈጠረው ዘዴ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኮለኖቹ መጀመሪያ ይቆማሉ። የሶሌታ ሰሌዳዎቹ በኮለኖቹ መካከል በጊዜያዊ ድጋፍ ላይ ያርፋሉ። ከዚያ የብረት ገመድ በሰሌዳዎቹ መካከል ባለው ክፍተትና በኮለኖቹ ቀዳዳ ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ያልፋል። ገመዱ በጃክ ይወጠራል። ውጥረቱ ሰሌዳውን ከኮለኑ ጋር አጥብቆ ያጣብቀዋል፤ ሸክሙን የሚይዘውም በመካከላቸው ያለው ሰበቃ ነው። በመጨረሻ ክፍተቱ በአርማታ ይሞላል። ዘዴው ኒው ቤልግሬድን ሠርቶ ወደ ኩባና ወደ አንጎላ ተሻገረ። በደርግ ዘመን ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ተገጣጣሚ የሕንጻ አካላት ማምረቻ ተቋቁሞ የእኛም ሆነ።

ያ ፋብሪካ ለደሴ ሩቅ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ኮንክሪት ማጓጓዝ ትርፍ የለውም።

የኮንዶሚኒየሙ ቢም

ተገጣጣሚ በትክክል ወሎ የገባው በኮንዶሚኒየም ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ ያኔ ጂቲዜድ ይባል በነበረው የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ አዲስ አበባ ቦሌ ገርጂ ላይ ርካሽ ቤት የመሥራት ሙከራ ተደረገ። ከዚያ የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም መጣ። ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞች ሲወርድ ደሴና ኮምቦልቻም ደረሳቸው። አሠራሩም አብሮ መጣ።

የወለሉ አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ ትንንሽ ቢሞች ሳይቱ ላይ ባለ ቅርጽ ውስጥ ይሞላሉ። የታችኛው ብረት አርማታ ውስጥ ይቀበራል። ከላይ በዚግዛግ የታጠፈው ብረት ግን ራቁቱን ይቀራል። ቢሙ ሲጠነክር በየ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከዋናው ቢም ወደ ዋናው ቢም ይዘረጋል። በመካከሉ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ባዶ ብሎኬት ይደረደራል። ከሥር በመሃል አንድ መስመር ድጋፍ ይቆማል፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። ከላይ ስስ ብረት ተነጥፎ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል አርማታ ይፈስበታል። ያ አርማታ ራቁቱን የቀረውን ብረት ይይዝና ቢሙ፣ ብሎኬቱና ወለሉ አንድ ይሆናሉ።

የዚህ ዘዴ ውበት ክብደቱ ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 3.5 ሜትር ርዝመት ያለው ቢም ኮንክሪቱ ከ80 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ክሬን አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሰው ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ጠፍጣፋ ካሳፎርማም በሙሉ ወለሉ ሥር አይነጠፍም፤ ብሎኬቱ ራሱ ካሳፎርማ ነው። ጣውላ በተወደደበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላም ያመጣው ነገር አለ። ሥራውን በአነስተኛና ጥቃቅን የተደራጁ ወጣቶች ያዙት። ብሎኬት ማምረት፣ ቢም መሙላት፣ ብረት ማጠፍ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች እጅ ላይ የገባው ያኔ ነው። ዛሬ በግል ቤት ሥራ ላይ ፎርማን የሆኑ ሰዎች ስታፋ (የኮለንና የቢም ብረቶችን ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት) ማሰር የት እንደተማሩ ሲጠየቁ "ኮንዶሚኒየም" ይላሉ። ይህን ስጽፍ እንደሚኮራ ሰው ነው የምጽፈው።

ወጪውን ምን ያህል ይቀንሳል በሚለው ላይ አንድ ሐሳብ የለም። ዘዴውን ያስተዋወቁት ብዙ ይቀንሳል ይላሉ። አንዳንድ ግንበኞች ደግሞ ጣውላው የቀነሰውን ብሎኬቱና የሰው ጉልበቱ ይመልሰዋል ባይ ናቸው። በሲሚንቶው ዋጋና ለብሎኬቱ በሚሆነው የፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ጠጠር ርቀት የሚወሰን ይመስለኛል። ጥራቱ ላይ ግን ጥርጥር የለኝም። በደንብ ከተሠራ ይህ ወለል ጠንካራ ነው።

በደንብ ካልተሠራስ? ደሴ ውስጥ አንድ የግል ቤት ሲሠራ ያየሁት ዛሬም ያናድደኛል። ቢሞቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ተነሱ። በጎናቸው አጋድመው ሲሸከሟቸው ሁለቱ መሃል ላይ ተሰነጠቁ። ቢም የተሠራው ቀጥ ብሎ ሸክም እንዲይዝ ነው፤ በጎኑ ሲጋደም አቅም የለውም። ስንጥቁ በሲሚንቶ ተለስኖ ወደ ላይ ወጣ። ከላይ አርማታ፣ ከሥር ልስን ገባበት። አሁን ማንም አያየውም።

ፕሮግራሙ በክልል ከተሞች እንደ አዲስ አበባው አልቀጠለም። ቶሎ ቀዘቀዘ። አሠራሩ ግን ቀረ።

የመሬት መንቀጥቀጥና መጋጠሚያው

ደሴና ኮምቦልቻ የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ኮምቦልቻ የቦርከና ሸለቆ አፋፍ ላይ ናት። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት እስከ ነሐሴ ካራቆሬ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። ማጀቴ ፈረሰች። ካራቆሬ ላይ ብዙ ቤት ወደቀ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው ዋና መንገድም ተሰነጣጠቀ። ይህ ከኮምቦልቻ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተከታተለው መንቀጥቀጥም ነገሩ የአያቶች ወሬ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቷል።

ተገጣጣሚ ሕንጻ የሚፈተነው በመጋጠሚያው ነው። አካሎቹ ፋብሪካ ውስጥ ምርጥ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። መጋጠሚያው ደካማ ከሆነ ግን ሕንጻው የካርታ ክምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ለንደን ሮናን ፖይንት በተባለ ባለ 22 ፎቅ ሕንጻ 18ኛው ፎቅ ላይ ጋዝ ፈነዳ። አንድ ግድግዳ ሲወጣ አንዱ የሕንጻው ጥግ ከላይ እስከ ታች ተናደ። አራት ሰው ሞተ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1988 ደግሞ አርመን ተናወጠች። ሌኒናካን ከተማ ውስጥ ከ133 ባለ ዘጠኝ ፎቅ የተገጣጣሚ ኮለንና ቢም ሕንጻዎች 72ቱ ወደቁ። በዚያው ከተማ ትልልቅ ግድግዳዎች ተገጣጥመው የተሠሩት ሕንጻዎች ግን ቆሙ። ሁለቱም ተገጣጣሚ ነበሩ። የለያቸው አያያዙና የአሠራሩ ጥራት ነው።

ለእኛ ትምህርቱ ግልጽ ነው። በኮንዶሚኒየሙ ዘዴ ኮለኑና ዋናው ቢም እዚያው ሳይት ላይ የሚሞሉ ናቸው። ተገጣጣሚው ወለሉ ብቻ ነው። ይህ ለእንዲህ ያለ አካባቢ ጥሩ ምርጫ ነው፤ አጽሙ ያለ መጋጠሚያ አንድ ወጥ ሆኖ ይቆማል። ግን ከላይ የሚፈሰው 6 ሳንቲ ሜትር አርማታ መሳሳት የለበትም። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ወለሉን እንደ አንድ ሰሌዳ አድርጎ ኮለኖቹን የሚያስተሳስራቸው እሱ ነው። አርማታ ሲያጥር "ከላይ ትንሽ ቀንስ" የሚል ፎርማን የሚቀንሰው ከዚህ ላይ ነው። ትንንሾቹ ቢሞችም ዋናው ቢም ውስጥ ብረታቸው በበቂ ርዝመት መግባት አለበት። ጫፋቸው አፋፉ ላይ ዝም ብሎ ማረፍ የለበትም።

ባቡሩና ኢንዱስትሪ ፓርኩ

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ተቋራጩ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች አስቀድመው የተመረቱ ኮንክሪት ናቸው። በተወጠረ ብረት የሚሠራ ኮንክሪት ምን እንደሆነ በዓይኑ ማየት የፈለገ የኮምቦልቻ ተማሪ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው።

በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ሼዶቹ ተገጣጣሚ ብረት ናቸው። ብሎን ተጠብቆ ቶሎ ይቆማሉ። ለሰፊ አዳራሽ ብረት ይሻላል፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ሙቀትና ድምፅ ያስገባል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ደረሰባቸው፤ ፋብሪካዎችም ተጎዱ።

ቱቦና አጥር

ትንንሾቹን አካላት መርሳት አይገባም። የፍሳሽ ቱቦ፣ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ፣ የቦይ ክዳን፣ የመስኮት ማሳረፊያ፣ የመብራት ምሰሶ ሁሉ ተገጣጣሚ ናቸው። አነስተኛ ማምረቻ ውስጥ በብረት ቅርጽና በንዝረት ይሠራሉ።

በደሴ ዳገት ላይ በጣም የሚጠቅም የሚመስለኝ አጥሩ ነው። ጎን ለጎን ቦይ ያላቸው ምሰሶዎች ይተከላሉ። የኮንክሪት ሰሌዳዎቹ ከላይ ወደ ታች በቦዩ ተንሸራተው ይገባሉ። ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ለምሰሶው ጉድጓድ ብቻ ነው። መሬቱ ገፍቶ አንድ ምሰሶ ካጋደለ ሰሌዳዎቹን አውጥቶ፣ ምሰሶውን አቃንቶ፣ መልሶ ማስገባት ይቻላል። የድንጋይ አጥር ሲያጋድል ግን ፈርሶ እንደ አዲስ ነው የሚገነባው።