የባዶ ሽፋን ኮሚክ መጠበቂያ ወረቀት፣ ለጅማ አየር

ባዶ ሽፋን ኮሚክ ውስጡ እንደማንኛውም ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ታሪክ እንደሚነገርበት መጽሔት ነው። ፊቱ ላይ ግን ከርዕሱና ከአሳታሚው ምልክት በቀር ብዙም የታተመ ነገር የለም። ነጭ የተተወው ሆን ተብሎ ነው። ገዢው ወደሚወደው ሠዓሊ ይዞት ይሄዳል፣ ሠዓሊው በእርሳስ፣ በቀለም ወይም በማርከር ይሥልበታል፣ ከዚያ በኋላ ያ ቅጂ አምሳያ የለውም። ማርቭልንና ዲሲን የመሰሉ የአሜሪካ አሳታሚዎች ከመደበኛው እትም ጎን ለጎን ያወጡታል። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሠዓሊና አንባቢ በሚገናኙባቸው የኮሚክ ጉባኤዎች ላይ ነው።

መደበኛው ሽፋን የሚያብረቀርቅ ቅብ አለው፣ ጠብታ ውኃ ቢነካው ቶሎ ከተጠረገ ይተርፋል። ባዶው ሽፋን ግን ወፈር ያለና ቅብ የሌለው ወረቀት ነው፣ አለበለዚያ እርሳስም ቀለምም አይዝም። ቀለም የሚጠጣ ወረቀት ላብም ይጠጣል፣ ቅባትም ይጠጣል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ስለዚህ እኔ ከውጭ ካለው ፕላስቲክ ይልቅ ሽፋኑን በቀጥታ የሚነካው ወረቀት ይበልጥ ያሳስበኛል።

አጠባበቁ በአብዛኛው ሦስት ነገር አለው። ከውጭ ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከኋላ መደገፊያ ካርቶን፣ ከፊት ደግሞ በሥዕሉና በፕላስቲኩ መካከል የምትገባ ስስ ወረቀት። የዛሬ የአሜሪካ ኮሚክ 16.8 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መደገፊያው ከዚያ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል፣ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ከረጢቱ ከፖሊፕሮፒሊን፣ ከፖሊኢትሊን ወይም ከፖሊስተር ይሠራል። ማይላር የሚባለው ፖሊስተሩ ነው፣ ከሁሉም ዕድሜው ይረዝማል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን አይሞከርም፤ እየቆየ አሲድ ይተፋል፣ ወረቀትም ላይ ይጣበቃል።

ስሷ ወረቀት ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። የእርሳስ ሥዕል ያለበትን ሽፋን ፕላስቲክ ውስጥ እንዲሁ ብትከቱት፣ ባወጣችሁና በከተታችሁ ቁጥር እርሳሱ ይፋቃል፣ የፊቱ ጥላ ይደበዝዛል፣ ፕላስቲኩ ላይም ግራጫ ዱቄት ታያላችሁ። ከሰልና ፓስቴል (ዱቄታማ የቀለም ጠመኔ) ከሆነማ የፕላስቲኩ ስታቲክ፣ ማለትም ሲታሽ የሚይዘው ኤሌክትሪክ፣ ራሱ ዱቄቱን ከወረቀቱ ላይ ይስበዋል። ለስላሳ፣ አሲድ አልባ የሆነች ስስ ወረቀት ወይም ግላሲን የሚባለው ልሙጥ፣ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ጣልቃ ሲገባ ይሄ በጣም ይቀንሳል። ለእኛ አዲስ ሐሳብም አይደለም፤ በጥንት የብራና መጻሕፍታችን ውስጥ ሥዕል ባለበት ገጽ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እንደ መጋረጃ ተሰፍቶ ይገኛል፣ ገጽ ከገጽ ሲፋተግ ሥዕሉ እንዳይጎዳ።

አሲድ አልባ የሚባለው ነገር የሱቅ ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ርካሽ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ሲሠራ ሊግኒን የሚባለው ነገር ውስጡ ይቀራል፣ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ወደ ቢጫነት ይሄዳል፣ አሲዱም አጠገቡ ወዳለው ወረቀት ይሻገራል። መስኮት ላይ የተረሳ ጋዜጣ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ጥሩው ወረቀት ሊግኒኑ የተወገደለትና አሲድ እንዲያረክስ ካልሲየም ካርቦኔት የተጨመረበት ነው። አይሶ 9706 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ለረጅም ዕድሜ የታሰበን ወረቀት የሚለካው በእንዲህ ያሉ ነገሮች ነው። ኮሚክ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው፣ በ2000 ሥራ የጀመረው የአሜሪካው ሲጂሲም ከሽፋኑ ሥር ማይክሮቻምበር የተባለ አሲድ የሚመጥ ወረቀት ያስገባል። መደገፊያው ካርቶን ግን ብዙ ጊዜ የአሲድ መከላከያው ላይ ላዩን ብቻ ስለሆነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ጅማ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ናት። ለወረቀት የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው። ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይጀምራል፣ የእኛ ክረምት ደግሞ ያንን በቀላሉ ያልፋል። እዚህ አገር የመጣ ባዶ ሽፋን መጀመሪያ የሚታይበት ጉዳት መቆልመም ነው፤ ቅብ የሌለው ሽፋን እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ከውስጥ ያሉት ገጾች ግን በእኩል አይከተሉትም። ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ይመጣል። ብልም እርጥብ ወረቀት ይወዳል።

ሦስት የለመድናቸው ነገሮች እዚህ ላይ ይጎዳሉ። አንደኛው ደብተር እንደምንሸፍነው በጋዜጣ ወይም በካኪ ወረቀት መጠቅለል ነው፣ አሲዱን በእጃችን እያመጣንለት ነው። ሁለተኛው ፌስታል ውስጥ አድርጎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው፤ በዝናብ ቀን ከታሰረ እርጥበቱም አብሮ ይታሰራል። ሦስተኛው ላሚኔት ማስደረግ ነው። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ፣ ሙቀቱና ማጣበቂያው ሥዕሉን ለዘላለም ይይዙታል፣ መመለሻ የለውም።

የሚሠራው ቀላል ነው። ማሸጉ በደረቅ ቀን ይሁን፣ በጥር ወይም በየካቲት ቢሆን ይመረጣል። እጅ ታጥቦ ይድረቅ። ሳጥኑ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። አዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ የምናገኛትን የሲሊካ ጄል ከረጢት አትጣሏት፣ ሳጥኑ ውስጥ ትግባ፤ ክረምት ላይ ቶሎ ስለምትጠግብ ግን አዳዲስ መተካት ያስፈልጋል። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ክፍት አድርጎ መተውም ጥሩ አይደለም፣ ጭሱ ነጩን ሽፋን ቀስ በቀስ ያጠይመዋል፣ ሲጠረግም አይለቅም።

ሽፋኑ ገና ያልተሣለበት ከሆነና ለሠዓሊ የምትሰጡት ከሆነ፣ በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ወፍራም ንጹሕ ወረቀት አስገቡ። የአልኮል ማርከር ሽፋኑን አልፎ ገጹን ያበላሻል። ሥራው ሲያልቅ ያችን ወረቀት አውጡና ጣሏት፣ ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅም ከረጢት ውስጥ አታስገቡት።