ስለ ላይኛው አዋሽ ሸለቆ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ በአውቶቡሱ መስኮት የሚታየው ግራርና አቧራ ነው። ስለ አካባቢው የሚወራውም አብዛኛው ከዚያው መስኮት የተለቀመ ይመስለኛል። ከመርቲና ኑራ ኤራ የፍራፍሬ እርሻዎች እስከ መተሐራና አዋሽ ፓርክ ስላለው ቆላ ደጋግሜ የምሰማቸው እነዚህ ናቸው።

«ብርቱካኑ አረንጓዴ ከሆነ አልበሰለም።»
ሻጭና ገዢን ሁሌ የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው። ውስጡ ሲበስል ልጣጩ የግድ አብሮት ቢጫ አይሆንም፤ አረንጓዴው ቀለም እንዲጠፋ ሌሊቱ መቀዝቀዝ አለበት። ቆላ ላይ አብዛኛውን ዓመት ሌሊቱም ሞቃት ስለሆነ ብርቱካኑ ጣፍጦም ውጪው አረንጓዴ እንደሆነ ይቀራል። ከውጭ የሚገባው ደማቁ ብርቱካን ወይ ሌሊቱ ከሚቀዘቅዝ አገር የመጣ ነው፣ ወይ ከተለቀመ በኋላ በጋዝ ቀለሙን እንዲቀይር ተደርጓል። እኔን ከጠየቃችሁ ቀለሙን ተዉትና በእጃችሁ መዝኑት። ከበድ ካለ ውሃ አለው። ቀለል ብሎ ልጣጩ ከወፈረ ግን የፈለገውን ያህል ቢጫ ቢሆን አልገዛውም።

«ፍራፍሬ ካለ ዝናብ አለ።»
የለም። መተሐራ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 500 ሚሊ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ፀሐይና ንፋሱ ሊያተኑት የሚችሉት ደግሞ የዚህን እጥፍ ድርብ ነው። ብርቱካኑ የሚጠጣው የአዋሽን ወንዝ ነው፣ ወንዙ የሚሞላው ደግሞ ከጊንጪ ጀምሮ ባለው ደጋ ላይ በሚጥለው ዝናብ። ለዚህ ነው ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ነሐሴ ላይ ጎርፍ የሚመጣው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ጉልበቱን ቀነሰው እንጂ አላጠፋውም። ሰማዩ ጥርት ብሏል ብላችሁ በክረምት ወንዙ ዳር ድንኳን አትትከሉ! በነገራችን ላይ አዋሽ ባሕር አይገባም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ደርሶ እዚያው ይተናል።

«በሰቃ ሐይቅ መስፋቱ በረከት ነው።»
ውሃው ጨዋማ ባይሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ መተሐራ አጠገብ ያለ ሐይቅ አሁን ከ40 በላይ ሆኗል፣ ለመስኖ ግን አይሆንም፣ የነካውን አፈር ያበላሻል። ግጦሽና የእርሻ መሬት ውጧል፣ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱንም ተፈታትኗል። ከመስኖ የሚሰርገውና ከመሬት ስር የሚወጣው ፍል ውሃ ሁለቱም በምክንያትነት ይነሳሉ፤ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩት የትኛው ያመዝናል በሚለው ነው።

«አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው።»
ጁሊፍሎራ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ያየ አርብቶ አደር እንዲህ አይልም። ፍሬውን ከብትና ፍየል ይበላሉ፣ ዘሩን በየሄዱበት በፋንድያቸው ይዘራሉ፣ ከዚያ ሣሩ ይጠፋና መተላለፊያም አይገኝም።

«ፈንታሌ የሞተ ተራራ ነው።»
መተሐራ አጠገብ ያለው ይህ ተራራ እሳተ ገሞራ ነው። መንገዱ ዳር ያለው ጥቁር ድንጋይ ቀልጦ የፈሰሰው ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ ለተራራ ትናንት ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን ደጋግሞ የመታው የመሬት መንቀጥቀጥም አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለውን ሰው ሳይቀር ደረጃ ለደረጃ አስሩጦታል፤ እዚያው የሚኖሩት ግን ቤታቸውን ጥለው ነው የወጡት።

«ከጅብና ከዝንጀሮ በቀር አውሬ የለም።»
ወንዙ ውስጥ አዞ አለ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ አምበራይሌ የሚባለው ትንሹ አጋዘን አለ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ ቀንደ ረጅሙ ሳላ። ሳላ ሙቀቱን የሚችልበት ዘዴ የሚገርም ነው፦ ቀን ላይ ላብ አውጥቶ ውሃ ከማባከን ይልቅ ሰውነቱ እንዲግል ይተወዋል፣ ሙቀቱን ሌሊት ያስወጣዋል። «ዝንጀሮ ብቻ» የሚሉትም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች እዚህ ተገናኝተው ስለሚዳቀሉ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ተመላልሰው አጥንተዋቸዋል። ሳላውን ለማየት ገና ሲነጋ አዋሽ ፓርክ ውስጥ ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ተገኙ። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ የምትሄዱ ከሆነ የምታዩት ሜዳውን ነው።