«ክሩን ቁረጠውና ጠረጴዛ አድርግልኝ»

የማይሠራ ፒያኖ ያለው ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው። «ክሩን በፒንሳ ቁረጠው፤ ሌላው እንጨት ብቻ ነው።» ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ፒያኖው ድምፁ ቢበላሽም ክሮቹ አሁንም እንደተወጠሩ ናቸው። ውስጡ ወደ 230 የሚጠጉ የብረት ክሮች አሉ። እያንዳንዱ በአማካይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል፤ ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። የተወጠረ ክር ድንገት ሲቆረጥ እንደ አለንጋ ይወናጨፋል። አንድ ደንበኛዬ «ሦስት አራቱን ልሞክር» ብሎ ጉንጩ ተሰፍቶ መጣ። ዓይኑ የተረፈው በዕድል ነው። በዚያ ላይ ውጥረቱን የተሸከመው የውስጥ ፍሬም ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። የአንዱን ወገን ክሮች ብቻ ካላላችኋቸው ጭነቱ ይዛባል።

ስለዚህ በመቃኛ መፍቻ፣ ፒኖቹን (ክሮቹ የተጠመጠሙባቸውን የብረት ችንካሮች) አንድ በአንድ ወደ ግራ ትንሽ ትንሽ አዙሩ። ከወፍራሞቹ ጀምራችሁ እስከ ቀጭኖቹ ጫፍ ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው። አዎ፣ ያሰለቻል። ክሩ ላልቶ ሲንጠለጠል ያኔ ቁረጡት። መነጽርና ጓንት ይኑራችሁ። የፍሬሙን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ሰው ሰብስባችሁ ፒያኖውን በጀርባው አስተኙት። የቆመ ፒያኖ ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱም ወደ ኋላ ያደላል። ብቻዬን እችለዋለሁ የሚል ጀግና አይጠፋም፤ እኔ ግን አላግዘውም።

ሌሎች የምሰማቸው አባባሎችም አሉ። «ውጪው ሁሉ ድፍን ውድ እንጨት ነው።» አብዛኛውን ጊዜ ስስ ልባጥ ነው። በማሽን ከሞረዳችሁት ከሥሩ ያለው ተራ እንጨት ብቅ ይላል።

«ቁልፎቹ የዝሆን ጥርስ ናቸው፣ ሸጬ ወጪዬን እመልሳለሁ።» ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። እውነተኛም ቢሆን ዓለም አቀፍ ንግዱ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል።

«ፒያኖ ማፍረስ ነውር ነው።» ፒኖቹን የሚይዘው እንጨት ካለቀ፣ ጥገናው ብዙ ጊዜ ከፒያኖው ዋጋ ይበልጣል። አፍርሱት።

ለጽሕፈት ጠረጴዛ ግን ጥሩ ነው፣ ይህን አልክድም። ቁልፎቹ ከወለሉ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ እነሱን አውጥታችሁ በቦታቸው ሳንቃ ማጋደም ነው። ያወጣችኋቸውን ቁልፎች ለጌጥ ከመሰንጠቃችሁ በፊት ጎናቸውን እዩ፤ ክብ ግራጫ ነገር ካለ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። በመጋዝም በብርጭቆ ወረቀትም አትንኩት፣ ብናኙ መርዝ ነው።