የጥርስ «ጥልቅ እጥበት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐኪሙ ቀጭን መለኪያ በድድና በጥርስ መካከል እያስገባ «2፣ 3፣ 5» ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ሚሊሜትር እየቆጠረ ነው። ከ1 እስከ 3 ጤነኛ ነው። 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከደማ፣ ድዱ ከጥርሱ ተላቆ ኪስ ሠርቷል ማለት ነው። ብሩሽም መፋቂያም እዚያ አይደርስም።

ተራው እጥበት ከድድ በላይ የሚታየውን ያነሳል። ጥልቁ ግን ኪሱ ውስጥ ገብቶ የጥርሱ ሥር ላይ ደርቆ የጠጠረውን ቆሻሻ (ጠጠር) ይፍቃል። ስለዚህ ማደንዘዣ አለው፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ቀጠሮ ይከፈላል። ድዱ ጤነኛ ለሆነ ሰው አያስፈልግም።

«ታጥቤ ጥርሴ ተነቃነቀ» የሚሉ አሉ። አልዋሹም፣ ይሰማቸዋል። ግን ጥርሱን ያላላው የድድ በሽታው የበላው አጥንት ነው፤ ጠጠሩ እንደ ሲሚንቶ ይዞት ስለነበር አልታወቀም። የተበላው አጥንት በእጥበት ብቻ አይመለስም። ድዱ ግን እብጠቱ ሲጎድል ይሰበሰባል። ለዚህ ነው ጥርሱ ረዝሞ የሚታየው፣ ቀዝቃዛ ውኃም ለጥቂት ሳምንት ጥዝዝ የሚያደርገው።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይለካል፤ ይህን ቀጠሮ አትዝለሉት። 5 የነበረው 3 ከሆነ፣ ሠርቷል። ከዚያ በየ3 ወይም በየ4 ወሩ መታየት ነው።