በጠራራ ፀሐይ መብራት ማብራት፦ ስለ መስኮት ብርሃን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ሶፋው ላይ ስትዘረጋ ብዙዎቻችን ተነስተን መጋረጃውን ጥርቅም እናደርጋለን። ከዚያ መብራት እናበራለን። በጠራራ ፀሐይ! እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ይህን የሚያስደርገን ለተሻለ መጋረጃ የሚሆን ገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም፤ በስህተት የያዝናቸው ሐሳቦችም አሉበት።

«ኃይለኛ ፀሐይ ወፍራም መጋረጃ ይፈልጋል»

ወፍራም መጋረጃ ያጨልማል እንጂ አያለዝብም። ፀሐይ ከእኛ ስትታይ ትንሽ ናት፤ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። ብርሃኗ ከአንዲት ጠባብ ቦታ ስለሚመጣ ጥላው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ስስ ነጭ ጨርቅ መሐል ሲገባ ግን ብርሃኑ ክሮቹ ላይ ይበተንና በየአቅጣጫው ይሄዳል። ያኔ ክፍሉን የሚያበራው ጨርቁ በሙሉ ነው። ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት የሚሆነውም ይኸው ነው።

ለሙከራ አንድ አሮጌ ነጭ አንሶላ ይበቃል። ጠረጴዛ ላይ ስኒ አስቀምጡና ጥላውን እዩት። አንሶላውን መስኮቱ ላይ ዘርጉና እንደገና እዩ። የጥላው ጠርዝ ከደበዘዘ ጨርቁ ሥራውን ሠርቷል። ጠርዙ አሁንም ስል ከሆነ ጨርቁ ሳስቷል፤ አጥፋችሁ ድርብ አድርጉት። መብራት ካሰኛችሁ ደግሞ ወፍሯል።

«ጥቁር መጋረጃ ቤት ያቀዘቅዛል»

ለዓይን ብቻ ነው። ጥቁር ጨርቅ ብርሃኑን ውጦ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፤ ያ ሙቀት ደግሞ መስታወቱን አልፎ ቤት ገብቷል። ፀሐይዋ ስትበረታ እጃችሁን በመጋረጃውና በመስታወቱ መሐል አስገቡ፤ ምድጃ አጠገብ ያላችሁ ይመስላችኋል። ወደ መስኮቱ የሚዞረው ፊት ነጭ ከሆነ ግን ብዙው ብርሃን በመጣበት ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ጥቁሩን መጋረጃ አትጣሉት፤ ከጀርባው ነጭ ጨርቅ ስፉበት።

ከሁሉም የሚሻለው ፀሐይዋን መስታወቱ ጋ ሳትደርስ ውጭ ማስቀረት ነው። የተወጠረ ሸራ፣ የሸምበቆ ምንጣፍ፣ ሐረግ፣ ያገኛችሁት ሁሉ ይሆናል። ነፋስ እንዳይወስደው ብቻ አጥብቃችሁ እሰሩት።

«መስታወት ስላለ የዕቃ ቀለም አይለቅም»

ከፀሐይ ብርሃን ጋር ዩቪ (አልትራቫዮሌት) የሚባል ለዓይን የማይታይ ጨረር ይመጣል። ተራ መስታወት ከዚህ ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥለውን ዩቪ-ቢ አብዛኛውን ያስቀራል። ሌላው ዓይነት፣ ዩቪ-ኤ፣ ግን በብዛት ያልፋል። ሶፋውን የሚያነጣው እሱ ነው፤ የሚታየው ብርሃንና ሙቀቱም ያግዙታል። «ጥቁር ፊልም (መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስስ ፕላስቲክ) ለጥፌያለሁ» ብላችሁም አትዘናጉ። የፊልም ጥቁረት ሌላ፣ ዩቪ መከላከሉ ሌላ። ጥርት ያለ ሆኖ አብዛኛውን ዩቪ የሚያስቀር ፊልም አለ፤ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

«መስታወት ላይ የአሉሚኒየም ፎይል መለጠፍ ርካሹ መፍትሔ ነው»

ርካሽነቱስ እውነት ነው፤ ሙቀትም ይመልሳል። ግን ቤቱ ዋሻ ይሆናል። በዚያ ላይ መስታወቱ እኩል ስለማይሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ድርብ መስታወት ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«የተከራየ ሰው መስኮት ላይ ምንም መለጠፍ አይችልም»

ይችላል፣ ያውም በስታርች። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩትና እስኪወፍር አብስሉት። ሲቀዘቅዝ መስታወቱን በብሩሽ ቀቡ፣ ስስ ጨርቅ ለጥፉበት፣ ከላዩም ድገሙት። አረፋ እንዳይቀር ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ ማሸት ነው። ቤት ስትለቁ ለብ ባለ ውኃ አርጥባችሁ ከጥግ ጀምራችሁ ላጡት፤ የቀረውን ቅሪት እርጥብ ጨርቅ ያነሳዋል። መታጠቢያ ቤት ግን አትሞክሩት፤ ላብ የሚይዘው መስታወት ላይ ጨርቁ ይሻግታል።

«የጣሪያው ክፈፍ ረጅም ስለሆነ ይከልላል»

ቀትር ላይ አዎ። ጠዋት በምሥራቅ፣ ማታ በምዕራብ መስኮት ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በክፈፉ ሥር ሰተት ትላለች። እዚያ የሚሠራው ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ነው።

ለኮምፒውተር ስክሪን ነጸብራቅ ደግሞ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛውን አዙሩት። መስኮቱ ከፊት ወይም ከኋላ ሳይሆን ከጎናችሁ ይሁን። እኔ መጋረጃ ልገዛ ተነስቼ ጠረጴዛ አዙሬ የተመለስኩት በዚህ ነው።